ኤዲተሩ አማረበት፤ ፍለጋውስ መቼ ነው አማርኛ የሚገባው?

ይህ ድረ ገጽ የምንሠራ ሰዎች በአንድ ክር (የኢንተርኔት ውይይት) ላይ የተመላለስነው ነው። መነሻ ጽሑፉ የእኔ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ የመጽሔት ቢሮ ውስጥ ድረ ገጹን የምይዘው እኔ ነኝ። ገጻችን የሚሠራው ዎርድፕሬስ በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያና ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2025 ወደ ወጣው 6.9 እትም ስናሳድገው ቢሮው በሙሉ ደስ አለው። ቢለውም አይፈረድበትም። አሁን አርታኢዋ ጽሑፉ ውስጥ ገብታ አንዱን አንቀጽ ትመርጥና ጎኑ ላይ ማስታወሻ ትተዋለች። ጸሐፊው እዚያው ሥር ይመልስላታል። ነገሩ ሲያልቅ ማስታወሻውን ይዘጉታል። ድሮ ይህ ሁሉ በቴሌግራም ነበር። ሦስተኛው አንቀጽ ይስተካከል ሲባል የትኛው ሦስተኛ እንደሆነ ለመግባባት ስልክ መደወል ነበረብን። ኮንትሮልና ኬ ሲጫኑ የሚመጣው የትእዛዝ ሳጥንም አሁን ዳሽቦርዱ (የገጹ ማስተዳደሪያ ክፍል) ላይ የትም ሆናችሁ ይከፈታል።

ጥያቄዬ ከዚህ ወዲያ ነው። አንባቢው የሚጠቀምበት የፍለጋ ሳጥን ንቅንቅ አላለም። ማኅደራችን ውስጥ ስለ ብሔራዊ ቴአትር የተጻፈ ብዙ ነገር አለ። በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ እጅ የተተየበ ነው። አንዱ «ብሔራዊ ቴአትር» ብሎታል። ሌላው «ብሄራዊ ቲያትር»፣ ሌላው «ብሔራዊ ትያትር»። በአንዱ አጻጻፍ ስትፈልጉ የሌሎቹ አይመጡም። አንባቢ ምንም ካላገኘ ደግሞ ጽሑፉ የለም ብሎ ይሄዳል እንጂ ሔን በሄ ቀይሮ አይሞክርም። ሰው የደከመበት ጽሑፍ እዚያው ተቀብሮ ይቀራል። ለአማርኛ ገጽ ፍለጋ ከኤዲተር (ከመጻፊያው ክፍል) ይቀድማል ብዬ አምናለሁ። እናንተ ምን እያደረጋችሁ ነው ብዬ ጠየቅሁ።

መልስ 1፦ ሜክሲኮ አካባቢ ለደንበኞች ገጽ የሚሠራ ልጅ ነበር ቀድሞ የደረሰው። ሰላምታውን አስቀድሞ፣ በማስታወሻው ነገር ሙሉ በሙሉ ተስማማ። ኮንትሮልና ኬን በተመለከተ ግን አንድ ነገር አስታወሰ። ኤዲተሩ ውስጥ ቃል መርጣችሁ ከተጫናችሁት የሚመጣው የትእዛዝ ሳጥኑ ሳይሆን ሊንክ ማስገቢያው ነው። ደንበኞቹ በዚህ እየተምታቱ ይደውሉለታል። ስለ ፍለጋው ግን ብዙም አላለም።

መልስ 2፦ ምክንያቱን ያስረዳችው አንዲት ፕሮግራመር ናት፤ እንዲህ በግልጽ ያስቀመጠው ሰው አላየሁም። ዎርድፕሬስ ሲፈልግ ቋንቋ አያውቅም። የጻፋችሁትን ቃል ይወስድና በርዕሱ፣ በአጭር መግለጫውና በዋናው ጽሑፍ ውስጥ ፊደል በፊደል ያነጻጽራል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ነው። ያኔ ሀ፣ ሐ እና ኀ የየራሳቸው ቁጥር ተሰጣቸው። መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ድምፃቸው አንድ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። «ፀሐይ»ን ምሳሌ አደረገች። ፀ ወይም ጸ፣ ቀጥሎ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ። በጠቅላላው 12 ዓይነት አጻጻፍ ይወጣዋል። ለኛ አንድ ቃል ነው። ለዳታቤዙ (ጽሑፎቹ ለተከማቹበት ማኅደር) 12 የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው።

መልስ 3፦ እዚህ ላይ ድምፁ ትንሽ ከረር አለ። ጸሐፊው በገጽ ውስጥ ፍለጋ የሚፈልግ ሰው የለም ባይ ነው። ሁሉም ከጉግል ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ጊዜያችሁን አታባክኑ ብሎ አለፈ።

መልስ 4፦ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምትሠራ እህት 3ኛውን በትሕትና ግን በጥብቅ አረመችው። ጉግል ያልታተመውን ረቂቅ አያይም። የቢሮ ሰው ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚፈልገው ረቂቅና የቆየ ጽሑፍ ነው። ዳሽቦርዱ ውስጥ ያለው ፍለጋም ያው ፊደል በፊደል የሚያነጻጽረው ነው። ባልደረቦቿ የቆየውን ስለማያገኙት ያንኑ ጽሑፍ ደግመው አስገብተው አንድ ጉዳይ ሁለት ገጽ ይዞ እንደተገኘ ጻፈች። በእኛም ቢሮ የሆነው ይኸው ነው። አንባቢው ብቻ ሳይሆን ሠራተኛውም የራሱን ቤት ዕቃ አያገኝም።

መልስ 5፦ አንድ ወጣት መፍትሔው ቀላል ነው አለ። ዎርድፕሬስ የሚጠቀምበትን ዳታቤዝ፣ የማይኤስኪውኤልን፣ ፉልቴክስት ኢንዴክስ (የቃላት ማውጫ) መክፈት ብቻ። ፈጣን ነው፣ ውጤቱንም በተዛማጅነት ይደረድራል። እሱ ለአንድ የእንግሊዝኛ ገጽ ሠርቶት ደንበኛው ተደስቷል።

መልስ 6፦ የዳታቤዝ ሥራ የቆየበት የሚመስል ሰው መጥቶ ነገሩን በረድ አደረገው። ከክሩ ሁሉ ብዙ የተማርኩት እዚህ ላይ ነው። ፉልቴክስት ኢንዴክስ አጭር ቃል ይጥላል። ማይኤስኪውኤል ጽሑፍ የሚያስቀምጥባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። ኢኖዲቢ በሚባለው ሳይነካ የሚመጣው ልክ ቢያንስ 3 ፊደል ነው፣ ማይአይሳም በሚባለው ደግሞ 4። ለእንግሊዝኛ ይህ ጉዳት የለውም፤ ሁለት ፊደል ያላቸው ቃላት አብዛኞቹ ማያያዣ ናቸው። አማርኛ ላይ ስታመጡት ግን ቤት፣ ሰው፣ ልጅ፣ ውሃ፣ ሕግ፣ ዜና ሁሉም ሁለት ሁለት ፊደል ናቸው። ኢንዴክሱ ውስጥ ጭራሽ አይገቡም። ልኩን ወደ 2 ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ሰርቨሩን እንደገና ማስነሳትና ኢንዴክሱን እንደ አዲስ መገንባት ግን ይጠይቃል። በጋራ ሆስቲንግ (ሰርቨር ከሌሎች ጋር ተጋርቶ) ላይ ያለ ሰው ይህን የማድረግ ፈቃድ የለውም።

ሁለተኛው ችግር ይብሳል። ፉልቴክስት ሙሉ ቃል ነው የሚያነጻጽረው። የአማርኛ ቃል ደግሞ ከፊቱ የ፣ በ፣ ለ፣ ከ ይለጠፍበታል። ኢንዴክሱ ውስጥ ያለው «የመምህር» ከሆነ «መምህር» ብላችሁ አታገኙትም። የኮከብ ምልክቱን ተጠቅማችሁ ቀሪውን ክፍት መተው የምትችሉት ከቃሉ መጨረሻ ብቻ ነው፤ ከፊቱ አይሆንም። ኋላ ቀር የሚባለው የዎርድፕሬስ ፍለጋ ቃሉን ከየትኛውም ቦታ ስለሚይዝ በዚህ በኩል ይሻለናል።

5ኛው ሰው በአንድ መስመር አመሰግናለሁ ብሎ ወጣ።

መልስ 7 እና 8፦ ወሬው ወደ መብራት ዞረ። ካዛንቺስ ያለ ጋዜጠኛ ረጅም ቃለ ምልልስ እየጻፈ መብራት ሄደበት። ሲመለስ ጽሑፉን አገኘው። አዲሱ ኤዲተር በየ15 ሰከንዱ አሳሹ ውስጥ ቅጂ ስለሚያስቀምጥ ነው ብሎ አመሰገነ። ቀጥላ የመለሰችው የ2ኛው መልስ ባለቤት ናት። የ15 ሰከንዱ ቅጂ የሚቀመጠው በዚያው በተከፈተው ታብ ጊዜያዊ ማኅደር ውስጥ ነው። ታቡን ከዘጋችሁት አብሮ ይሄዳል። እሱን ያዳነው በየ60 ሰከንዱ ወደ ሰርቨር የሚላከው ሳይሆን አይቀርም፤ ለዚያ ደግሞ ኔትወርክ ያስፈልጋል። ከመብራቱ ጋር ዋይፋዩም ስለሚጠፋ የስልክ ዳታ ከፍቶ መሥራት እንደሚሻል መከረችው። ከርዕሱ ውጭ ነው፣ ግን ለሁላችንም ይጠቅማል።

መልስ 9፦ ብሎክ ኤዲተሩን፣ ማለትም እያንዳንዱን አንቀጽና ሥዕል ለየብቻው ብሎክ አድርጎ የሚይዘውን አዲሱን ኤዲተር፣ አጥብቆ የሚጠላ ሰው መጣ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ከወጣው 5.0 ጀምሮ እንዳልለመደው፣ ከዎርድ ሲለጥፍ እያንዳንዱ መስመር ለብቻው ብሎክ እንደሚሆንበት፣ አሁንም ክላሲክ የሚባለውን የድሮውን ኤዲተር በፕለጊን (በተጨማሪ ፕሮግራም) እንደሚጠቀም በረጅሙ ጻፈ። ካሰማው ሮሮ መካከል አንድ ፍሬ ነገር ነበረ። ብሎኮቹ ስማቸውን በእንግሊዝኛ ጽሑፉ ውስጥ ደብቀው ያስቀምጣሉ። ፍለጋው ደግሞ የተደበቀውንም ያነባል። ስለዚህ አንባቢ በእንግሊዝኛ ፊደል «ፓራግራፍ» ብሎ ቢፈልግ በብሎክ የተጻፉት ጽሑፎች እንዳሉ ሊመጡበት ይችላሉ። እኔም ሞክሬ አየሁት፤ እውነቱን ነው።

መልስ 10፦ ሌላው 9ኛውን ተቆጣው። ይህን ያህል ዓመት ማልቀስ ምን ይረባል፣ ሥራህን ቀይር እስከማለት ደረሰ። ያስቀይማል። 9ኛው ሰው ጠቃሚ ነገር አምጥቶ ነበር።

መልስ 11፦ እሳቱ የተጫረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ልጅ ችግሩ ከፍለጋው ሳይሆን ከፊደላችን ነው አለ። ሞክሼ ፊደላትን (ድምፃቸው አንድ የሆነውን) ጥለን በአንድ ሀ፣ በአንድ ሰ፣ በአንድ አ፣ በአንድ ጸ ብቻ እንጻፍ፣ ሁሉም ነገር ይፈታል ባይ ነው። ስልክ ላይ የሚጽፈው ወጣት በተግባር ጀምሮታል ብሎም ጨመረ።

መልስ 12፦ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር መለሱ። ሲጽፉ ቁጣቸው ይታወቃል፣ ግን ቃል አልሳቱም። ለአንድ ማሽን ድክመት ብሎ የሰውን ስም መለወጥ ተገቢ አይደለም አሉ። ኃይሉ የተባለ ሰው መታወቂያውም፣ ዲፕሎማውም፣ የቤቱ ካርታም ላይ በኃ ነው የተጻፈው። እናንተ በሀ ስትጽፉት የሌላ ሰው ይሆናል። ሥላሴን በሰ መጻፍ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የተማረን ሰው ዓይን ይወጋል። መሣሪያው ለሰው ይታዘዝ እንጂ ሰው ለመሣሪያው አይታዘዝ የሚል ነበር መንፈሱ። እኔ በዚህ ከእሳቸው ጋር ነኝ።

መልስ 13 እና 14፦ 13ኛው ስድ ነበር። የመምህሩን ዕድሜ አንስቶ ተሳለቀ፤ አልደግመውም። አወያዩ ወዲያው ገብቶ መልሱን አነሳና መምህሩን በሁላችንም ስም ይቅርታ ጠየቃቸው። ክሩ ስለ ፍለጋ እንደሆነም አሳሰበ። መምህሩ ቅር ሳይላቸው ቆዩ። ለዚህም አመሰግናቸዋለሁ፤ ኋላ የመጣውን ጥሩ ሐሳብ ያመጡት እሳቸው ናቸውና።

መልስ 15፦ የድሮ አዲስ አበባ ፎቶዎችን የምትሰበስብ ልጅ የፍለጋውን ነገር ወደ ሰፈር አወረደችው። የፒያሳ ብዙው ክፍል በ2016 ዓ.ም. መፍረስ ከጀመረ ወዲህ ሰዎች የቀድሞ ሱቃቸውንና ቤታቸውን ፎቶ እየፈለጉ ወደ ገጿ ይመጣሉ። ምን ብለው እንደሚፈልጉ መዝገቡን ታያለች። አራት ኪሎ፣ 4 ኪሎ፣ ፬ ኪሎ። ካዛንቺስ፣ ካሳንቺስ፣ ካዛንችስ። ለገሃር፣ ለገሀር፣ ላጋር። ምኒልክ፣ ሚኒሊክ፣ ሚኒልክ። በላቲን ፊደል አማርኛ የሚጽፍም ብዙ ነው። ፎቶዎቹ ደግሞ ከስልክ ሲገቡ ስማቸው ቁጥር ብቻ ስለሆነ ርዕስና መግለጫ ካልተጻፈላቸው በምንም አይገኙም። እሷ እያንዳንዱን ፎቶ ስታስገባ የሰፈሩን ስም በሦስት አጻጻፍ መግለጫው ሥር ትጽፋለች። አድካሚ ነው። ግን የአንዲት እናት ዳቦ ቤት ፎቶ በዚህ መንገድ ተገኝቶላቸዋል። ይህን ሳነብ ክሩን በመክፈቴ ደስ አለኝ።

መልስ 16፦ አንዱ ስለ ሊንክ አነሳ። ከፍለጋ ትንሽ ይርቃል፣ ግን ብዙዎቻችን ሳናስተውል የምናልፈው ስለሆነ ይቆይ። ዎርድፕሬስ የጽሑፉን ሊንክ ከርዕሱ ያወጣል። ቦታው 200 ምልክት ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል ወደ ሊንክ ሲቀየር 9 ምልክት ይፈጃል። ስለዚህ ወደ 22 ፊደል ሲደርስ ይቆረጣል። ርዕሳቸው በተመሳሳይ ቃላት የሚጀምር ሁለት ጽሑፎች ካሉ ሊንካቸው አንድ ዓይነት ሆኖ በመጨረሻው ቁጥር ብቻ ይለያያል። ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍም ትርጉም የሌለው የምልክት ሰልፍ ይሆናል። ከማተማችሁ በፊት ሊንኩን በአጭሩ በእጅ ጻፉት ብሎ መከረ።

መልስ 17፦ የምንጠብቀው መጣ። የ2ኛው መልስ ባለቤት 11ኛውንም 12ኛውንም አስታረቀቻቸው። ጽሑፉ እንደተጻፈ ይቆይ፣ አንድም ፊደል አይነካ። ጽሑፉ በተቀመጠ ቁጥር ግን ከጀርባ ሁለተኛ ቅጂ ይሠራ። በዚያ ቅጂ ውስጥ የሐ እና የኀ ቤተሰብ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይመለሳሉ። አምስት ቤተሰብ በሰባት ሲባዛ 35 ፊደል ነው። ሃ እና ኣ ሲጨመሩ 37። እነ ኋ እና ሧን የመሳሰሉት ዲቃላዎች ለብቻቸው ይታያሉ። አንባቢው የሚጽፈው ቃልም ከመፈለጉ በፊት በዚያው ወንፊት ያልፋል። ፍለጋው የሚካሄደው በድብቁ ቅጂ ላይ ነው። አንባቢው የሚያየው ግን ዋናውን ነው። ኃይሉ በኃ፣ ሥላሴ በሥ እንደሆኑ ይቀራሉ። ድብቁ ቅጂ የሚሠራው ከንጹሕ ጽሑፍ ስለሆነ 9ኛው ያነሳው የብሎክ ስም ችግርም አብሮ ይፈታል። ኮዱን አጭር ፕለጊን አድርጋ ለጠፈችው። የቆዩትን ጽሑፎች በአንድ ትእዛዝ እንዴት እንደሚያሳልፉም ጻፈች።

መልስ 18፦ ወዲያው ያመሰገኑት መምህሩ ናቸው። ጨምረውም ያላሰብነውን አመጡ። ሞክሼ ቢስተካከልም ስም ከዘመን ዘመን ይለወጣል። ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ሲከፈት ስሙ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ነበር። የዚያ ዘመን ጽሑፍ «ብሔራዊ» የሚል ቃል የለበትም። ስለዚህ የድሮና የአሁን ስሞች ጎን ለጎን የተጻፉበት ዝርዝር ያስፈልጋችኋል፣ እኔ ላዘጋጅላችሁ አሉ። ባለ ፎቶዋ ልጅ የሰፈሩን ስሞች ከእሷ እንዲወስዱ ጠየቀች። 4 ኪሎና ካሳንቺስ በፊደል ወንፊት የማይያዙ ስለሆኑ የእሷም ቦታ እዚያው ዝርዝር ውስጥ ነው።

መልስ 19፦ አንድ ትልቅ ሲስተም የሚያስተዳድር ሰው ለምን ኢላስቲክሰርች የተባለውን ራሱን የቻለ የፍለጋ ሶፍትዌር አትጠቀሙም አለ። እዚያም ፊደልን በፊደል መተካት በቅንብር ብቻ ይሠራል። እውነት ነው። ግን ተዘጋጅተው ከሚመጡት የቋንቋ መተንተኛዎች ውስጥ አማርኛ የለም። ሜሞሪውም ለኛ ዓይነት ቢሮ ከባድ ነው። ድሩፓል የተባለ ሌላ የድረ ገጽ ማስተዳደሪያ የሚጠቀም ሌላ ሰው እዚያው ሥር ገብቶ፣ የድሩፓል የራሱ ፍለጋም ሳይነካ የሚመጣው ልክ 3 ፊደል መሆኑን፣ እሱም ከቅንብሩ ወደ 2 እንዳወረደው ነገረን። 6ኛውን መልስ ያላነበባችሁ ተመልሳችሁ አንብቡት።

መልስ 20፦ ይህ የእኔ ነው። ፕለጊኑን በሙከራ ገጻችን ላይ ጫንኩት። ሥራ፣ ዓለም፣ ፀሐይ፣ ብሔራዊ በየትኛውም ፊደል ቢጻፉ ውጤታቸው አንድ ሆነ። አርታኢዋ ጠፍቷል ብላ የነበረውን የበዓል ዕትም መግቢያ እዚያው ቁጭ እንዳለች አገኘችው። ያልተፈታውንም ጻፍኩ። «ቤት» ብዬ ስፈልግ ቤቶች፣ ቤቱ፣ ቤታችን አይመጡም። በኛ ፊደል የቃሉ መጨረሻ ራሱ ስለሚለወጥ ት ያለበት ፍለጋ ቶን፣ ቱን፣ ታን አይነካም። ልጅና ልጆችም እንደዚሁ።

መልስ 21፦ ለዚህ የ6ኛው መልስ ባለቤት ሁለት መንገድ ሰጠ። አንደኛው ማይክል ጋሰር የተባሉ ምሁር የሠሩት ሆርንሞርፎ ነው። ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ የአማርኛን ቃል ከነቅጥያው ፈታቶ ሥሩን ያወጣል። ግን በፓይተን የተሠራ ስለሆነ ከዎርድፕሬስ ጋር ለማገናኘት የራሱ ሥራ አለው። ሁለተኛው ቀለል ያለ ነው። በድብቁ ቅጂ ውስጥ የእያንዳንዱን ቃል የመጨረሻ ፊደል ወደ ሳድስ መልሶ፣ ኦችንና መሰል ቅጥያዎችን ቆርጦ መጨመር። ያለቦታው የሚቆረጥ ቃል ይኖራል፣ ስለዚህ በዚህ መንገድ የተገኘው ከትክክለኛው ውጤት በታች ይደርደር አለ።

መልስ 22፦ የ2ኛው መልስ ባለቤት ሁለተኛውን መንገድ ልትሞክረው ወሰነች። መሞከሪያ የሚሆን በተለያየ እጅ የተተየበ ጽሑፍ ጠየቀችን። እኔ ከመጽሔታችን የታተሙትን ልኬላታለሁ። ቤተ መጻሕፍት የምትሠራው እህትም ፈቃድ ጠይቃ እንደምትልክ ጻፈች። እናንተም ያላችሁን እዚሁ ክር ሥር አስቀምጡ። ድሮ ዩኒኮድ ባልሆነ ፎንት የተጻፈ ከሆነ ግን መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት፤ ያለዚያ ወንፊቱ የሚያገኘው የላቲን ፊደል ብቻ ነው።